ጄኔሬተሩ ተመካሪ ሲሆኑ

በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪዎቻቸው ከጀርባቸው «ጄኔሬተር» የሚሏቸው የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ። ስሙ የወጣላቸው በከንቱ አይደለም። ቁጣቸው ሲነሳ መጀመሪያ ከሆዳቸው አካባቢ አንድ ነገር ያጉረመርማል፣ ቀጥሎ ሳል ሳል ይላቸዋል፣ ከዚያ የሕንፃው መስኮት በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ደግሞም እውነቱን ለመናገር እሳቸው የሌሉ ቀን ሆስፒታሉ ጨለማ ይሆናል። ሌላው ሐኪም «ከአቅሜ በላይ ነው» ብሎ የመለሰውን ታካሚ እሳቸው ከፍተው፣ አስተካክለው፣ ሰፍተው በእግሩ ወደ ቤቱ ይሸኙታል።

እጃቸው የተመሰከረለት ነው። ማስተማሩ ላይ ግን ዘዴያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ መጮህ። ስፔሻሊስት ለመሆን ሥራቸው የሚማረው ሐኪም፣ ሬዚደንቱ፣ መቀስ ሲያነሳ «እሱን አይደለም!»፣ ሲያስቀምጥ «ማን አስቀምጥ አለህ?»፣ ግራ ገብቶት ሲቆም ደግሞ «ሐውልት ነህ?» ይባላል። ሊፍቱ ተከፍቶ እሳቸው ውስጡ ከታዩ፣ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ለነበረው ሁሉ ደረጃ መውጣት ለልብ ጥሩ መሆኑ ድንገት ትዝ ይለዋል። እሳቸውን ብትጠይቋቸው ግን «እኔ እኮ ሰው ስመክር ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት» ይላሉ። ውሸታቸውን አይደለም፤ ከልባቸው ያምኑበታል።

በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማትፈራቸው አንዲት ወጣት ሰመመን ሰጪ ሐኪም ብቻ ነበረች። ሥራዋ ታካሚውን አስተኝቶ፣ ራስጌው ተቀምጦ፣ ትንፋሹንና የልብ ምቱን መጠበቅ ነው። አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ በአንድ ሬዚደንት ላይ ሲነጎዱ፣ እሷ ከመጋረጃው ማዶ ማሽኗን አየት አድርጋ «ፕሮፌሰር፣ የታካሚው የደም ግፊት ደህና ነው። ያሳሰበኝ የእርስዎ ነው» አለቻቸው። ፕሮፌሰሩ በመነጽራቸው አናት አሻግረው ካዩዋት በኋላ ቀዶ ጥገናውን ዝም ብለው ጨረሱ። ከዚያ ወዲህ ሊጮሁ ሲሉ አስቀድመው ወደ እሷ ዞር ይሉ ጀመር።

አንድ ዓመት ወጣት መምህራን እየተከታተሉ ሥራ መልቀቅ አበዙ። ዲኑ የጥንት የፕሮፌሰሩ ተማሪ ነው፤ ዛሬም ድረስ ሲያያቸው ጃኬቱን ይቆልፋል። የሚለቁትን አንድ በአንድ ጠርቶ ምክንያታቸውን ቢጠይቅ፣ መልሳቸው ተመሳሳይ ሆነበት፤ «የሚያናግረኝ ሰው አጣሁ» ነው የሚሉት። ስለዚህ መምህራኑ እርስ በርስ መመካከርን የሚማሩበት ሥልጠና አዘጋጀና ትልቁንም ትንሹንም ጠራ።

ፕሮፌሰሩ ጥሪው ሲደርሳቸው አሰልጣኝ ሆነው የተጠሩ መሰላቸው። ሌላ ምን ሊመስላቸው ይችላል? ክራቫታቸውን አስረው፣ ንግግር አዘጋጅተው መጡ፤ በሩን እንዳለፉ ግራ ቀኝ ሳያዩ መድረኩ ላይ ወጥተው ማይክሮፎኑን ጨበጡ። ስለ መልካም መካሪ ምንነት፣ ስለ ድሮ ተማሪ ጨዋነት፣ ስለ ዘንድሮ ተማሪ ጥፍር እስከ ሻይ ሰዓት ድረስ አወሩ። እውነተኛዋ አሰልጣኝ፣ ፈገግታ የማይለያት አጭር ሴት፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሙሉውን ሰማች፤ ሲጨርሱም አጨበጨበች።

«በጣም አመሰግናለሁ ፕሮፌሰር» አለች ወደ መድረኩ እየወጣች። «በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ አንድም ጥያቄ አልሰማሁም። ዛሬ የምንለማመደው እሱን ነው። የእርስዎ ወንበር ያውልዎ፣ መስኮቱ ጋ።»

ፕሮፌሰሩ ወረዱ። አሰልጣኟ ቀጠለች፤ እያንዳንዱ መምህር ለአንድ ሰው መካሪ፣ ለሌላ ሰው ደግሞ ተመካሪ ይሆናል፤ ማን ከማን እንደሚጣመር በዕጣ ይለያል።

«ተመካሪ?» አሉ ፕሮፌሰሩ። ሆዳቸው ማጉረምረም ጀመረ። «እኔ ነኝ ተመካሪ?»

«ሁላችንም ነን።»

«እኔን የሚመክረኝ ሰው ሞቷል!»

«ነፍሱን ይማረው» አለች አሰልጣኟ ከልቧ አዝና። «እስቲ አሁን ዕጣ ያውጡ።»

አወጡ። እንዲመክሩት የደረሳቸው በራሳቸው ክፍል የሚያስተምር ወጣት ቀዶ ሐኪም ሆነ። ይህ ልጅ ድምፁ ከማነሱ የተነሳ ተማሪዎቹ «ሹክሹክታ» ይሉታል፤ ሲያስተምር ፊት ለመቀመጥ ወንበር በጠዋት ይያዛል። እሳቸውን እንድትመክር የደረሰችው ደግሞ ያቺው ሰመመን ሰጪ ነበረች። ፕሮፌሰሩ ቀጥ ብለው ወደ ዲኑ ሄዱ።

«ዕጣው ተጭበርብሯል።»

ዲኑ ጃኬቱን ቆለፈ። «ኧረ አልተጭበረበረም ጋሼ… ማለቴ፣ ፕሮፌሰር።»

የመጀመሪያው ልምምድ ቀላል ይመስል ነበር። ተመካሪው ያወራል፤ መካሪው ያዳምጣል፤ ከጠየቀ ይጠይቃል፤ ምክር ግን አይሰጥም። ሹክሹክታ ወንበሩን አስጠግቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «እኔ አንድ ያስጨነቀኝ…» ከማለቱ፣ ፕሮፌሰሩ ከአፉ ነጠቁት።

«ገባኝ! ያንተ ችግር እንቅልፍ ነው!»

አሰልጣኟ ከየት መጣች ሳይባል ከጎናቸው ቆመች። አንድ ጆግ ውሃና ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። «ምክር አፍዎ ላይ በመጣ ቁጥር አንዴ ጎንጨት ይበሉ። አፍ ሁለት ነገር ባንዴ አይሠራም።»

ልጁ እንደገና ጀመረ። ፕሮፌሰሩ ተጎነጩ። ልጁ ትንሽ ጨመረ፤ እሳቸውም ጨመሩ። ብርጭቆው አለቀ፤ ተቀዳ፤ እሱም አለቀ። ጆጉ ሊገባደድ ሲል ሹክሹክታ በመጨረሻ ድፍረቱን ሰብስቦ «ዋናው ነገር ምን መሰለዎት…» ሲል፣ ፕሮፌሰሩ ከተቀመጡበት ተስፈንጥረው ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጡ። ሲመለሱ የልምምዱ ሰዓት አልቋል፤ የልጁ ድፍረትም አብሮ ጠፍቷል።

«ቤታችሁ ተለማመዱ» ብላ አሰልጣኟ አሰናበተቻቸው።

የፕሮፌሰሩ ባለቤት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ለባላቸው የሚነግሩትን ባጭሩ መንገር ለምደዋል፤ ነገር ካስረዘሙ መፍትሔ ይወረወርባቸዋልና። ያን ዕለት ማድ ቤት ሽንኩርት እየላጡ «ያ የጎረቤት ውሻ ዛሬም ሲጮህ ዋለ» አሉ፤ የተለመደውንም መፍትሔ ጠበቁ። መፍትሔ አልመጣም። በምትኩ ባላቸው በርጩማ ስበው ፊት ለፊታቸው ቁጭ አሉ።

«ሲጮህ ምን ተሰማሽ?»

ቢላዋው ከእጃቸው ወደቀ። «ምን አልክ?»

«ውሻው ሲጮህ ምን ተሰማሽ? ቀጥይ፣ እየሰማሁሽ ነው።»

ባለቤታቸው እጃቸውን ጠርገው የባላቸውን ግንባር ነኩ። ትኩሳት የለም። ቀስ ብለው ወደ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉና የዐይን ሐኪም ወደሆነችው ልጃቸው ደወሉ። «ቶሎ ድረሺ፣ አባትሽ አንድ ነገር ሆኗል!»

«ምን ሆነ?»

«እያዳመጠኝ ነው!»

ልጅቷ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ እያለከለከች ደረሰች። አባቷ በርጩማው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።

«አባዬ፣ እስቲ ፈገግ በል።»

«ለምን?»

«ዝም ብለህ ፈገግ በልልኝ።»

ፕሮፌሰሩ ፈገግ አሉ። ፈገግታው ልምድ ከማጣቱ በስተቀር በሁለቱም በኩል እኩል ነው። «አሁን ሁለቱን እጆችህን ወደ ላይ አንሳ» አለች። አነሱ። «ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» ስትላቸው ግን ነገሩ ገባቸው፤ ልጃቸው የምትፈልገው የጭንቅላት ደም መፍሰስ ምልክት ነው።

«ምንም አልሆንኩም! ሥልጠና ላይ ነኝ!» ብለው ሲያገሱ መደርደሪያው ላይ ያሉት ሳህኖች ተንጫጩ። እናትና ልጅ በደስታ ተቃቀፉ። «ደህና ነው» አለች ልጅቷ ዕንባዋን እየጠረገች፤ «ምንም አልሆነም።»

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ባለቤታቸው ሽንኩርቱን ትተው ተቀመጡ። «እውነት የምትሰማኝ ከሆነ፣ እንግዲያውስ ስለ ውሻ አላወራም» አሉ። «መኪና መንዳት ያስተማርከኝ ጊዜ ትዝ ይልሃል?»

ትዝ ይላቸዋል። ለሰው ሁሉ ሲናገሩት የኖሩት ነው፤ ሚስታቸው ለመንዳት ተሰጥዖ የላትም። ይህንኑ ሊሉ ሲሉ ምላሳቸውን ነከሱ። «ምን ተሰማሽ?»

«አንተ ስትጮህ ግራና ቀኜ ይጠፋብኛል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ግራና ቀኝ አሳምሬ አውቃለሁ። የሚጠፋብኝ አንተ ጎኔ ስትቀመጥ ብቻ ነው። መኪናውን መንገድ ላይ አቁሜ ወርጄ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልነካሁም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ?» አሉ ባለቤታቸው።

ቁጣ አልነበረበትም፤ የእውነት ጥያቄ ነበር። ፕሮፌሰሩም ያ ጊዜ መቼ ሊሆን ይችል እንደነበር ቢያስቡ ቢያስቡ አላገኙትም።

በሳምንቱ ተመካሪ የሚሆኑበት ተራ ደረሰ። ከቀዶ ጥገናው ክፍል አጠገብ ባለችው ጠባብ የሻይ ክፍል ከሰመመን ሰጪዋ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«እንድረዳዎት የሚፈልጉት ጉዳይ ምንድን ነው ፕሮፌሰር?»

«የመኪና ማቆሚያው ጠቧል።»

«እሺ። ሌላስ?»

«ጓንቱ ቶሎ ቶሎ ይቀደዳል።»

«እነዚህን ለአስተዳደሩ እነግራለሁ። እኔ የምጠብቀው የእርስዎን ጉዳይ ነው።»

«የለኝም።»

ሰመመን ሰጪዋ ወንበሯን ደገፍ አለች። ሻይዋን ጠጣች። ግድግዳውን አየች። ፕሮፌሰሩ ሳል ሳል አላቸው፤ እሷ ምንም አላለችም። እግራቸውን አጣጠፉ፣ ፈቱ፣ ክራቫታቸውን አላሉ።

«እስከ መቼ ነው ዝም የምትዪው?»

«ሰው እስኪነቃ መጠበቅ ሥራዬ ነው» አለች።

ያኔ ፕሮፌሰሩ በሩ መዘጋቱን አይተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ ካሜራው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ ሆድ ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና ረጃጅም መሣሪያ አስገብቶ የሚሠራበትን ማሽን ካመጣ ቆየት ብሏል። ፕሮፌሰሩ ያኔ «የልጆች መጫወቻ» ብለው አጣጣሉት። ማሽኑ የሚሠራበት ቀን ሲሆን እሳቸው ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ሥራ አላቸው። እውነቱ ግን ማንም ሳያያቸው አንድ ጊዜ ሞክረውት ነበር፤ እጃቸው ወደ ቀኝ ሲሄድ ስክሪኑ ላይ መሣሪያው ወደ ግራ ሄደባቸው፤ ደንግጠው አጥፍተውት ወጡ። አሁን ደግሞ ታካሚው ሁሉ ስለ ማሽኑ ሰምቷል። በቅርቡ አንዲት ሴትዮ ሐሞቷን ልታስወጣ መጥታ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ «ያ በቀዳዳ የሚሠራው ዶክተር የታል?» ብላቸዋለች።

«የዚያን ቀን» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ «የማላውቅ መሆኔን ከምናገር ‹ሞቷል› ልላት ምንም አልቀረኝ።»

ሰመመን ሰጪዋ ሳቋን በሻይ ዋጠችው። ምክር ግን አልሰጠችም። «በክፍላችሁ ይህን ከሁሉ አብልጦ የሚሠራው ማነው?»

«ያ ሹክሹክታ።»

«እንዲያስተምርዎት ለመጠየቅ የሚከለክልዎት ነገር ምንድን ነው?»

ፕሮፌሰሩ ብዙ አሰቡ። «አፌ» አሉ።

በማግስቱ ሹክሹክታን ቢሯቸው ጠሩት። ልጁ የመጣው ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ሰው ወደዚያ ቢሮ ለመልካም ነገር ተጠርቶ አያውቅም። ፕሮፌሰሩ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተነስተው አጠገቡ መጥተው ተቀመጡ፤ ይኼ ደግሞ ይባስ አስደነገጠው።

«ባለፈው ዋናው ነገር ብለህ ጀምረህ ነበር። ጨርስልኝ።»

«ምንም አልነበረም ፕሮፌሰር።»

ፕሮፌሰሩ ዝም አሉ። ዝምታ እንደዚህ ከባድ ሥራ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም ነበር፤ ላባቸው በጀርባቸው ወረደ። ልጁ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ ጫማውን አየ፣ በመጨረሻ ግን ተናገረ። ወደ ሌላ ሆስፒታል ሊሄድ ነው። ሥራውን ይወደዋል፤ ተማሪዎቹንም ይወዳቸዋል። ነገር ግን ፕሮፌሰሩ በበሩ ሲገቡ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሲወጡ ይቆማል። «መድኃኒት ሁሉ ሞክሬያለሁ» አለ። «ለካስ በሽታው… ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ፕሮፌሰሩ በርጩማው ላይ ሆነው ከሚስታቸው የሰሙት ትዝ አላቸው። ጉርምርምታው ከሆዳቸው ተነሳ፣ ደረታቸው ደረሰ፣ እዚያው ቀረ። «ሂድም ቅርም አልልህም» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ያንን ካሜራ ታስተምረኛለህ?»

ሹክሹክታ ብድግ አለ። «ምን አጠፋሁ ፕሮፌሰር?»

«ምንም አላጠፋህም!»

«እንግዲያው ለምን ይፈትኑኛል?»

ፈተና አለመሆኑን ለማስረዳት ከልመናው የበለጠ ጊዜ ወሰደ።

መለማመጃው ክፍል ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ነው። ጠረጴዛው ላይ ቀዳዳ ያለው ሣጥን፣ ውስጡ ካሜራ፣ ከላይ ስክሪን አለ። ተማሪው ሁለት ረጃጅም መሣሪያ በቀዳዳው አስገብቶ፣ ስክሪኑን ብቻ እያየ የባቄላ ፍሬ ከአንድ ሳህን ወደ ሌላው ያዛውራል። ስንት ሆድ ከፍተው የዘጉት ሰው በመጀመሪያው ቀን አንዲት ባቄላ ማንሳት አቃታቸው። ያዝኳት ሲሉ ትንሸራተታለች፤ አንዷማ ተስፈንጥራ በቀዳዳው ወጥታ የልጁ ግንባር ላይ አረፈች።

ሹክሹክታን ደግሞ ይሉኝታው ገደለው። «ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ ቅር ካላልዎት፣ ምናልባት የቀኝ እጅዎን እንደው ትንሽ…» ብሎ ሳይጨርስ ባቄላዋ ወድቃለች።

«ልጄ፣ እባክህ አሳጥረው!» አሉት።

«ቀኝ፣ ዝቅ» አለ ልጁ። ሠራ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ማሳጠር ለመደ፤ እያደረ ድምፁም ይሰማ ጀመር። ፕሮፌሰሩ በየቀኑ እየመጡ ከባቄላ ወደ ክር፣ ከክር ወደ መቋጠር ተሸጋገሩ። ወሬው ግቢውን ስላዳረሰው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሄጃለሁ የሚል ሬዚደንት ሁሉ በመስታወቱ በር አንገቱን እያሰገገ ያይ ነበር።

አንድ ቀን ክሩን ሊቆርጡ መቀሱን ያለ ቦታው ሲያስጠጉ፣ ሹክሹክታ ሳያስበው «ተዉ! አይንኩት!» ብሎ ጮኸ።

ከበሩ ኋላ የነበሩት ሬዚደንቶች እግሬ አውጪኝ አሉ። ልጁ አፉን በእጁ ከደነ። ፕሮፌሰሩ መሣሪያዎቹን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«ጮህክብኝ» አሉ።

«ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ፣ እኔ…»

«ቆይ። አትነካካኝ፣ ላስብበት።» ስክሪኑን ትኩር ብለው እያዩ ቆዩ። «የትኛው እጄ መቀሱን እንደያዘ ጠፋኝ። ስትጮህ ሁሉም ነገር ከጭንቅላቴ ወጣ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሰማው?»

ልጁ አንዴ ወለሉን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። «አዎ ፕሮፌሰር። እንዲህ ነው።»

«ወይ ጉድ» አሉ ፕሮፌሰሩ። መሣሪያዎቹን አስቀምጠው ተቀመጡ፤ ያን ቀን ሌላ አልተለማመዱም።

ከዚያ በኋላ መልአክ ሆኑ ብል ዋሸሁ። ሊፍቱ ላይ ይጮሃሉ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ይጮሃሉ። ሬዚደንት ሲሳሳት ደግሞ አሁን መጠየቅ ስለለመዱ «ምን አስበህ ነው እንዲህ ያደረግኸው?» ይላሉ፤ ነገር ግን በዚያው በለመዱት ድምፅ ስለሚሉት፣ ሬዚደንቱ ያሰበውን ይቅርና ስሙንም ይረሳል። ያኔ ራሳቸውን ይዘው፣ ትንፋሽ ወስደው፣ ጥያቄውን ቀስ ብለው እንደ አዲስ ይደግሙታል። አንዳንዱ ሬዚደንት የሚፈራው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ መልስ ይፈልጋላ። ባለቤታቸው በበኩላቸው መንዳት ጀምረዋል፤ ያስተማረቻቸው ግን ልጃቸው ናት። «አንተ እዚህ ሆነህ አዳምጠኝ፣ ይበቃል» ብለዋቸዋል።

ሹክሹክታም ለጊዜው መሄዱን ተወው። ወራት አልፈው፣ ብዙ ጊዜ ካሜራ ያዥ ሆነው የገዛ ተመካሪያቸውን ከረዱ በኋላ፣ ፕሮፌሰሩ የመጀመሪያውን የሐሞት ከረጢት በቀዳዳ ራሳቸው አወጡ። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ «ቀኝ»፣ «ዝቅ»፣ «ቆይ» ይላል፤ ሰመመን ሰጪዋ ከመጋረጃው ማዶ ሆና አንዴ ማሽኗን አንዴ ስክሪኑን ታያለች። ሥራው ረዘመ፤ ነገር ግን ደም የለ፣ ጩኸት የለ። የመጨረሻዋን ስፌት ሲቋጥሩ መሣሪያ የምታቀብለው ሲስተር አጨበጨበች፤ አፍራ እጇን መልሳ ሰበሰበች።

ታካሚዋ ወደ ማረፊያው ክፍል ስትወሰድ፣ ፕሮፌሰሩ የራስ ቆባቸውን አውልቀው ኮሪደሩ ላይ ቆሙና ልጁን «በል ንገረኝ፤ ምን ላሻሽል?» አሉት።

ልጁም ነገራቸው። የግራ እጅዎ ሥራ ይፈታል፣ ካሜራ ያዡን አያነጋግሩም፣ ደግሞ የደም ሥሩን ለማግኘት የጀመሩበት አቅጣጫ ልክ አልነበረም አላቸው። ፕሮፌሰሩ አንድም ቃል ሳይጨምሩ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«የመጀመሪያዎቹን ተቀብያለሁ» አሉ። «የኋለኛውን ግን ተሳስተሃል።»

«አልተሳሳትኩም ፕሮፌሰር።»

«ተሳስተሃል እንጂ!»

«ቪዲዮው አለ፤ ማየት ይቻላል!»

«እንሂዳ!» አሉ፤ እየተጨቃጨቁም ኮሪደሩን ይዘው ወደ ቪዲዮው ክፍል ሄዱ። ከሁለቱ የማን ድምፅ ይበልጥ እንደነበር፣ እስከ ዛሬ ድረስ የሰሙት ሁሉ አይስማሙም።